የእንቅልፍ ሕመም ምርመራና ሕክምና፦ የት ላይ ይሰናከላል?

እንደምን አመሻችሁ። በእንቅልፍ ሕመም የሚመላለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ገና ሲጀምር፣ ለችግሩ የማይሆነውን ምርመራ ሲመርጥ ወይም ሲመረጥለት ነው። ሌላው መጨረሻ ላይ፣ ትክክለኛው መሣሪያ ተሰጥቶት ቤቱ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። መሀል ያለው፣ ሰው አብዝቶ የሚፈራው የምርመራ ሌሊት፣ እንዲያውም ቀላሉ ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ የምንቆየው ሁለቱ ጫፎች ላይ ይሆናል።

ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «እንቅልፌ ተበላሽቷል» ማለት ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። ከዚህች ንግግር ሥር ሦስት የተለያዩ አቤቱታዎች አሉ። «አልጋ ላይ ወጥቼ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል» የሚል አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አድሬ ቀን ዐይኔ ይከደናል» የሚል አለ። ሦስተኛው አቤቱታ ከባለቤቱ አፍ አይወጣም፤ የሚናገረው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው፦ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ይራገጣል፣ በሕልሙ ይደባደባል። ከተቻለ ያንን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ካልተቻለ በስልክ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከረጅም ገለጻ ይሻላል።

ድካምና የእንቅልፍ ስሜትንም ለዩ። እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሰውነቱ ይዝላል፤ ግን ቀን ጋደም ቢልም አይወስደውም። ትንፋሹ ሌሊት የሚቋረጥበት ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ፣ ቴሌቪዥን ፊት፣ ይባስ ብሎም መሪ ጨብጦ ያሸልባል። ይህን ለመለካት የኤፕወርዝ መጠይቅ የሚባል አለ፤ በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ነው። ስምንት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፦ ተቀምጦ ማንበብ፣ በመኪና ተሳፍሮ አንድ ሰዓት መጓዝ፣ ከምሳ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ የመሳሰሉትን። በእያንዳንዱ ላይ የማሸለብ ዕድላችሁን ከ0 እስከ 3 ትሰጣላችሁ። ድምሩ ከ24 ነው፤ ከ10 በላይ ከሆነ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ስትሞሉት ብቻ እውነቱን ሙሉ። መንጃ ፈቃዱ እንዳይነካበት ብሎ ሁሉንም ዜሮ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው።

ከመጀመሪያው አቤቱታ እንነሣ። በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የእንቅልፍ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ገብቶ ማደር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ምርመራው የሚነግረው እንዳልተኛ ነው፤ እሱን ደግሞ ያውቀዋል። ለእሱ ዋናው ምርመራ የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ ነው፦ መቼ አልጋ ላይ እንደወጣ፣ በግምት መቼ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ ነቅቶ እንደተነሣ፣ ቡናውን፣ አልኮሉንና መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደወሰደ። የሚሞላው ጠዋት፣ በግምት ነው። ሌሊት ሰዓት እያየ የሚመዘግብ ሰው ሕመሙን ያባብሳል።

የመጀመሪያው ሕክምናም ክኒን አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ቀድሞ መሰጠት ያለበት ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው ብሏል። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ቀጠሮ ይወስዳል። ልቡ የአልጋ ጊዜን ማሳጠር ነው፤ ሰው ሲሰማው ግራ የሚገባውም ይኸው ነው። ማስታወሻው ላይ አንድ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አልጋ ላይ ይቆያል እንበል፤ 9 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ በአማካይ የሚተኛው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። 5.5 ለ9 ሲካፈል 61 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ አልጋ የሚፈቀድለት ለ5 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። የመነሻው ሰዓት እሑድም ሆነ በዓል አይቀየርም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ጊዜው የተኛበት አማካይ ከ85 በመቶ በላይ ሲሆን 15 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ምንም ያህል ቢያንስ ከ5 ሰዓት በታች አይወረድም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ሰው የሚያቋርጠውም ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ባሰብኝ» ካለ ሕክምናው እየሠራ ሊሆን ይችላል። ከአልጋ ጊዜው ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ደንብ አለ፦ በግምት 20 ደቂቃ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ወርዶ በደብዛዛ ብርሃን ሌላ ነገር ማድረግ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ። ባይፖላር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በእንቅልፉ የሚሄድ፣ ወይም ሹፌር የሆነ ሰው ግን ይህን ያለ ባለሙያ ክትትል አይጀምረው።

አሁን ወደ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ወደ ስሊፕ አፕኒያ እንሂድ። የሚበዛው ዓይነት የጉሮሮ መዘጋት ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ ይደፈናል፤ ደረት አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ባንኖ ጉሮሮውን ይከፍታል። ባለቤቱ ጠዋት ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሣቱን፣ ጠዋት ራሱን ማመሙን፣ አፉ መድረቁን ነው። ለመጠርጠር የሚረዳ ስምንት ጥያቄ ያለው ስቶፕ ባንግ የሚባል መጠይቅ አለ። ጥያቄዎቹ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሌላ ሰው ያየው የትንፋሽ መቆም፣ የደም ግፊት፣ ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላው መጠን (ቢ ኤም አይ) ከ35 በላይ መሆን፣ ዕድሜ ከ50 በላይ መሆን፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆንና ወንድ መሆን ናቸው። 5 እና ከዚያ በላይ «አዎ» ከፍተኛ ጥርጣሬ ነው። መጠይቁ ግን ሴቶችን ብዙ ጊዜ ሳይለያቸው ያልፋል። ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ማንኮራፋትን ሳይሆን ድካምን፣ የእንቅልፍ መቆራረጥንና የስሜት መጫጫንን ስለሆነ የድብርት መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው፤ የላቦራቶሪና የቤት። ላቦራቶሪ ስትገቡ ባለሙያዋ መጀመሪያ ራሳችሁን በሜትር ትለካለች፤ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች፤ ቆዳውን በሻካራ ቅባት አሸት አሸት አድርጋ ትናንሽ ኤሌክትሮዶችን በፓስታ መሳይ ማጣበቂያ ትለጥፋለች። ራስ ቅል ላይ የአንጎል ሞገድ፣ ዐይን ዳር የዐይን እንቅስቃሴ፣ አገጭና ሁለቱ ቅልጥሞች ላይ የጡንቻ፣ ደረት ላይ የልብ። ደረትና ሆድ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ቀበቶዎች፣ አፍንጫ ውስጥ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን የሚለካ መቆንጠጫ ይጨመራሉ። ማልበሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚያ ከሌላ ክፍል በድምፅ ማጉያ «ዐይንዎን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፤ አምስት ጊዜ ያርገብግቡ፤ ትንፋሽ ይያዙ፤ እግርዎን ያወዛውዙ» ትላችኋለች፤ እያንዳንዱ ሽቦ የሚገባውን መሳቡን እያረጋገጠች ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ሁሉንም መፍታት የለም፤ ገመዶቹ የገቡበትን አንድ ሳጥን ነቅላ አንገታችሁ ላይ ታንጠለጥልላችኋለች።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ሲዘነጋ ግን ሌሊቱን ያበላሻል። ጸጉር ታጥቦ፣ ምንም ቅባትና ኮንዲሽነር ሳይነካው ይደርቃል፤ ቅባት ካለ ኤሌክትሮዱ እኩለ ሌሊት ላይ ይነቀላል። ዊግ ወይም የተቀጠለ ጸጉር የራስ ቅሉን ቆዳ የሚሸፍን ከሆነ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ቢያንስ የአንድ እጅ ጣቶች ከጥፍር ቀለምና ከሰው ሠራሽ ጥፍር ነጻ ይሁኑ። ከቀትር በኋላ ካፌይን የለም፤ የቀን ሸለብታም የለም። የዘወትር መድኃኒታችሁን ውሰዱ፣ ይዛችሁም ሂዱ፤ ሐኪሙ ካላዘዘ ምንም አታቋርጡ። የምትወዱትን ትራስ መያዝ ይፈቀዳል። «እዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለው ስጋት የሁሉም ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንደሚሳሳ ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ ጥቂት ሰዓት ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ለፍርድ ይበቃል። አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀስቅሳችሁ ለሕክምና አየር በግፊት የሚነፋ ማስክ ይደረግላችኋል። ይህ የሚሆነው ቢያንስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ አፕኒያ ከታየና ግፊቱን ለመለካት ሦስት ሰዓት ያህል ሲቀር ነው፤ ሁለተኛ ሌሊት ከማደር ያድናችኋል።

የቤት ምርመራ ርካሽና ምቹ ነው፤ ከፍተኛ ጥርጣሬ ላለበትና ሌላ ከባድ በሽታ ለሌለበት አዋቂ በቂ ነው። ድክመቱን ግን እወቁት። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የአንጎል ሞገድ ስለማይለኩ መቼ እንደተኛችሁ አያውቁም። ስሌቱን እዩት፦ መሣሪያው 8 ሰዓት መዘገበ፣ እናንተ የተኛችሁት 5 ሰዓት ነው፣ ትንፋሽ የተቋረጠው 90 ጊዜ ነው። መሣሪያው 90ን ለ8 አካፍሎ 11 ይላል፤ እውነቱ 90 ለ5፣ 18 ነው። ቀላል የተባለው መካከለኛ ነበር ማለት ነው። ኦክስጅን ሳይወርድ አንጎልን ብቻ የሚያባንኑ መታፈኖችም ይሾልኩታል። ስለዚህ ምልክቱ ጠንካራ ሆኖ የቤት ውጤት «ነጻ ነህ» ካለ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ቀጣዩ ላቦራቶሪ ነው። የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ወይም የነርቭና ጡንቻ በሽታ፣ ስትሮክ ያለበት፣ ወይም እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ ዘወትር የሚወስድ ሰው መጀመሪያውኑ በላቦራቶሪ ይመርመር። የእጅ ሰዓትና የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ሐኪም ጋ እንድትሄዱ ቢገፋፏችሁ መልካም፤ ምርመራ ግን አይተኩም።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም የሚያየው አንድ ቁጥር ነው፦ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ። ለመቆጠር ቢያንስ 10 ሰከንድ መቆየት አለበት። በአዋቂ ከ5 በታች ደህና፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና በላይ ከባድ ይባላል። በሕፃናት መለኪያው ሌላ ነው፤ 1 ራሱ ከደህናው ወሰን ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም መነሻው ቶንሲል ነው። በአዋቂው ቁጥር ላይ ግን አትቁሙ። የትንፋሽ መቀነስን አንዳንዱ ላቦራቶሪ ኦክስጅን በ3 በመቶ ሲወርድ ወይም አንጎል ሲባንን ይቆጥረዋል፤ ሌላው 4 በመቶ ካልወረደ አይቆጥርም። ያው ሌሊት በአንዱ 16፣ በሌላው 8 ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን በየትኛው እንደተቆጠረ ጠይቁት። ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በጀርባ ሲተኙና በጎን ሲተኙ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለያይ፣ መቋረጡ ከጉሮሮ መዘጋት ነው ወይስ አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ ሳይሰጥ እየቀረ ነው የሚሉትም ሕክምናውን ይለውጡታል።

ለመካከለኛና ለከባድ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ ነው፤ አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ያስተዋወቀው። ማሽኑ ኦክስጅን አይሰጥም። ተራውን የክፍል አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮ እንዳይከደን ደግፎ ይይዘዋል። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። በትክክል ለሚጠቀምበት ሰው ከመጀመሪያው ሌሊት ይሠራል። ችግሩ ሰው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጡ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ማስኩ ነው።

ማስክ ሲለካ ተቀምጦ አይደለም። ጋደም ስትሉ የፊታችሁ ቅርጽ ይለወጣል፤ ስለዚህ ተኝታችሁ፣ ማሽኑ በሙሉ ግፊት እየነፋ ይለካ። ማሰሪያዎቹን ላላ አድርጋችሁ አስሩ፤ ማስኩን ከፊታችሁ በትንሹ ሳብ አድርጋችሁ ሲሊኮኑ በአየር እንዲነፋ ተዉት፤ ቀስ ብላችሁ መልሱት፤ ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል አጥብቁ። ሲያፈስ ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ስሕተት ነው፤ ሲጨናነቅ ሲሊኮኑ ይጨማደድና ይብስ ያፈስሳል፤ የአፍንጫ ድልድይም ይቆስላል። ወደ ዐይን የሚነፋ ከሆነ ማስኩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል ወይም ሰፍቷችኋል። የፊት ወዝ ሲሊኮኑን ስለሚያንሸራትት ፊታችሁን ታጥባችሁ ተኙ፤ ሲሊኮኑንም በየቀኑ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ማስኩ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ግን የተነፈሰው አየር መውጫ ናቸው፤ ድምፃቸው ቢረብሽም በፍጹም አትድፈኗቸው።

ጠዋት አፍ ከደረቀ አየሩ በአፍ እየወጣ ነው። መጀመሪያ አፍንጫው ታፍኖ እንደሆነ ይታከም፤ ቀጥሎ የእርጥበት መጠኑ ይጨመር፤ ያም ካልበቃ አፍንጫና አፍ የሚሸፍን ማስክ ይሞከር። ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ፊት ላይ ከተንጠባጠበ ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ እርጥበቱን ቀንሱ ወይም የሚሞቅ ቱቦ ጠይቁ። ለእርጥበት መያዣው ዲስቲልድ ውሃ ተጠቀሙ፤ የቧንቧ ውሃ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ሆድ በአየር ተነፍቶ የሚነቃ ሰው ግፊቱ በዝቶበት ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ይንገር። መጀመሪያ ላይ አየር ያጠረው መስሎ የሚታፈን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ ግፊቱ 4 ላይ ስለተተወ ነው፤ ወደ 6 ወይም 7 ከፍ ሲደረግለት ይተነፍሳል።

ማስክ ሲደረግበት የሚጨንቀው ሰው ሌሊቱን በግድ አይጀምር። ቀን፣ ማስኩን ብቻ በእጅ ይዞ ፊት ላይ ለአምስት ደቂቃ፤ ከቀናት በኋላ በማሰሪያ፤ ከዚያ አየሩ እየነፋ ቴሌቪዥን እያየ ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ ለቀን ሸለብታ፤ በመጨረሻ ለሌሊት። ጭንቀት ሲመጣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ መተው የለም።

«በሌሊት 4 ሰዓት ይበቃል» ሲባል ትሰማላችሁ። 4 ሰዓት በአንዳንድ አገር መድን ሰጪዎች ታካሚው እየተጠቀመ መሆኑን የሚለኩበት መስፈርት ነው እንጂ ሰውነት የሚያውቀው ወሰን አይደለም። ሕልም የበዛበት የእንቅልፍ ክፍል የሚበረክተው ወደ ንጋት ነው፤ ጉሮሮም በጣም የሚላላው ያኔ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማስኩን አውልቆ የሚተኛ ሰው የሌሊቱን ክፉ ክፍል ሳይታከም ይተኛል።

ማሽኑ በየሌሊቱ ሦስት ነገር ይመዘግባል፦ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ፣ ምን ያህል እንዳፈሰሰ፣ በሰዓት ስንት መቋረጥ እንደቀረ። የቀረው ከ5 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ይህን መዝገብ የሚያይ ሰው ካላችሁ ሕክምናው የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል። ማፍሰሱ ደህና ሆኖ የቀረው ቁጥር ካልወረደ፣ ግፊቱ ዝቅ ብሏል ወይም ከአንጎል የሚመጣው ዓይነት ብቅ ብሏል ማለት ነው። ከአንጎል የሚመጣው ዓይነት ከሆነ ግፊት መጨመር ያባብሰዋል፤ ስለዚህ በራሳችሁ አትነካኩት።

ሲፓፕ እምቢ ላለው ሌላ መንገድ አለ። ለቀላልና ለመካከለኛ፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ የጥርስ መሣሪያ ጥሩ ምርጫ ነው። በቂ ጤነኛ ጥርስ ይፈልጋል፤ በሳምንታት ውስጥ በጥቂቱ በጥቂቱ ወደ ፊት ይስተካከላል። ማንኮራፋቱ ስለጠፋ ብቻ ግን ዳነ አይባልም፤ መሣሪያው አፍ ውስጥ እያለ ምርመራው ይደገማል። በጀርባ ሲተኛ ብቻ ለሚብስበት በጎን እንዲተኛ የሚያደርግ ቀበቶ ይረዳል። ከክብደት ላይ 10 በመቶ መቀነስ መቋረጡን በሩብ ያህል እንደሚቀንስ በረጅም ክትትል ታይቷል። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ፣ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 2024፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን መርፌ ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው መካከለኛና ከባድ ታካሚዎች ፈቅዷል። አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን ጉሮሮን ስለሚያላሉ ባልታከመ አፕኒያ ላይ መጨመራቸው አደጋ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። ማታ ማታ፣ በተለይ ዐረፍ ሲባል፣ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት የሚሰማው፣ ሲራመድ የሚቀለው ሰው ላቦራቶሪ ማደር ሳይሆን የደም ምርመራ ነው የሚያስፈልገው፦ የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን። በሊትር 75 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብረት ይሰጠዋል። ላቦራቶሪው ይህን ቁጥር «ደህና» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ለዚህ ሕመም ግን አይበቃም። ለእንቅልፍ ተብለው ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የአለርጂ ክኒኖች እግሩን ያባብሱታል። ለዚሁ የእግር ሕመም የሚሰጡ ፕራሚፔክሶልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ መጀመሪያ ያስደስቱና ከዓመታት በኋላ ሕመሙን ከማታ ወደ ቀን ያመጡታል፤ ለዚህ ነው ከመጀመሪያ ምርጫነት የወረዱት።

በቂ ተኝቶ ቀን በድንገት የሚያሸልብ፣ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ናርኮሌፕሲ የሚባለው የእንቅልፍ ሕመም ይጠረጠርበታል። እሱ ላቦራቶሪ ካደረ በኋላ በማግሥቱ በየሁለት ሰዓቱ አምስት ጊዜ የመተኛት ዕድል ይሰጠዋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከተኛና ቢያንስ ሁለቴ ቶሎ ወደ ሕልም እንቅልፍ ከገባ ውጤቱ ይደግፈዋል። ከምርመራው በፊት ያለውን ሳምንት እንቅልፉ ያነሰ ሰው ይህንኑ ውጤት በሐሰት ሊያመጣ ይችላል፤ የድብርት መድኃኒት ደግሞ በተቃራኒው ሊደብቀው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሳምንታት በፊት፣ በሐኪም ምክር ብቻ፣ ቀስ በቀስ ይቆማል። በሕልሙ እየተደባደበ ከአልጋ የሚወድቅ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ የነርቭ ሐኪም ይየው፤ ይህ ምልክት ከፓርኪንሰን ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አፕኒያ ያለባችሁ ሰዎች ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ስትገቡ ለሰመመን ሰጪው ባለሙያ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ማሽናችሁንና የራሳችሁን ማስክ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰመመን ስትነቁና ማስታገሻ ሲሰጣችሁ ጉሮሮ ከወትሮው ይልቅ ይላላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ማስኩ ፊታችሁ ላይ፣ የኦክስጅን መለኪያውም ጣታችሁ ላይ መሆን አለበት።